ከድንች ግሉኮስ-1-ፎስፌት ማውጣት፦ ከጉሊት እስከ ክሪስታል

አራት ኪሎ ማታ ማታ መንገድ ዳር ድንች የሚጠብሱ ልጆች አሉ። ድንቹን ልጠው ይቆርጡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ከባልዲው ሥር ነጭ ዝቃጭ ይተኛል። ላዩ ላይ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ሁለቱንም ቦይ ውስጥ ይደፉታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ባልዲው ላይ ይቀራል። ነጩ ዝቃጭ ስታርች ነው። ውሃው ውስጥ ደግሞ ያንን ስታርች ወደ ስኳር ፎስፌት የሚለውጥ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ምላሽን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ።

ስኳር ፎስፌት ማለት ፎስፌት የተለጠፈበት ስኳር ነው። ሴሎቻችን ግሉኮስን ለጉልበት ከማዋላቸው በፊት መጀመሪያ ፎስፌት ይለጥፉበታል። ስለዚህ ባዮኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ይህን ነገር በእጁ ቢይዘው ይወዳል። ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በሚሊግራም ተመዝኖ፣ ከብዙ ወረቀትና ከብዙ ወራት ጥበቃ በኋላ። ብዙ ተማሪ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ብቻ አይቶ ይመረቃል። ይሄ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም አንዱን ዓይነት፣ ግሉኮስ-1-ፎስፌትን፣ እዚሁ ከግማሽ ኪሎ ድንች ማውጣት ይቻላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ኢንዛይሙ የራሱን ሥራ ያለእኛ ብዙ እርዳታ ይሠራል። ልፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፦ ማጣራቱና የያዝነው ነገር እውነት እሱ መሆኑን ማረጋገጡ። ስለዚህ ጊዜያችሁን ለኋለኛው ቆጥቡ።

ሥራው የላብራቶሪ ሥራ ነው። ቶሉይን፣ አሞኒያ፣ አሲድና ጠንካራ አልካሊ አለበት። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ የአየር መሳቢያ ሁድም እንዲሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ የሚወጣውም ነገር አይበላም።

ለምን ድንች?

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ግሉኮስን ሄክሶካይኔዝ በሚባል ኢንዛይምና ፎስፌቱን በሚሰጠው የሴል ጉልበት ተሸካሚ፣ በኤቲፒ፣ ፎስፌት ማልበስ ነው። የሚሰጠው ግሉኮስ-6-ፎስፌትን ነው። ችግሩ ለእያንዳንዷ የስኳር ሞለኪውል አንድ ኤቲፒ መብላቱ ነው። ኤቲፒ ደግሞ ውድ ነው። በዚህ መንገድ በብዛት የሚያመርቱ ሰዎች ያለቀውን ኤቲፒ በአሴቲል ፎስፌት ወይም በፖሊፎስፌት፣ በሌላ ኢንዛይም አማካይነት መልሰው ይሞሉታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ሁለት ኢንዛይም መግዛት ይጠይቃል።

ሁለተኛው የሱክሮስ ፎስፎሪሌዝ መንገድ ነው። ሱክሮስ ማለት ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ተራ ስኳር ነው፤ የወንጂው ስኳር። ሊኮኖስቶክ መዘንቴሮይደስ የምትባል ባክቴሪያ ኢንዛይሙን ትሠራለች። ስኳሩ በፎስፌት ተሰንጥቆ ግሉኮስ-1-ፎስፌትና ፍሩክቶስ ይሆናል። ምላሹም ወደፊት በደንብ ይገፋል። ባክቴሪያዋን የሚያሳድግ ጓደኛ ካላችሁ ከድንች ይልቅ ይሄኛው ይሻላል፤ አልደብቃችሁም።

ሦስተኛው የድንቹ ነው። ካርል እና ጌርቲ ኮሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ግሉኮስ-1-ፎስፌትን ከጡንቻ አገኙት፤ እስከዛሬም የኮሪ ኤስተር ይባላል። ባልና ሚስቱ በ1947 ኖቤል ተሸለሙ። ቻርለስ ሄንስ ደግሞ በ1940 ተመሳሳዩን ሥራ የድንች ጭማቂ እንደሚሠራው አሳየ። ኢንዛይሙ ፎስፎሪሌዝ ነው። ስታርች የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ ሰንሰለቱን የሚቆርጠው በውሃ ነው፤ ማሰሪያው ውስጥ የነበረው ጉልበት በከንቱ ይቀራል። ፎስፎሪሌዝ ግን ከጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ በፎስፌት ይቆርጣል። የማሰሪያው ጉልበት ወደ ስኳር ፎስፌቱ ይዛወራል። ኤቲፒ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ተራ የፎስፌት ጨው ብቻ ነው።

ጉድለቱንም እወቁት። ምላሹ መሃል ላይ ይቆማል። ሄንስ እንደለካው፣ ሚዛኑ ላይ ሲደርስ ለአንድ ግሉኮስ-1-ፎስፌት የሚቀረው ነፃ ፎስፌት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5 ላይ 10.8፣ ፒኤች 6 ላይ 6.7፣ ፒኤች 7 ላይ ደግሞ 3.1 ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ትርፉ ይጨምራል ማለት ነው። ምክንያቱ ግሉኮስ-1-ፎስፌት ከነፃው ፎስፌት ትንሽ የበረታ አሲድ መሆኑ ነው። እኔ ወደ 6.8 አካባቢ እሠራለሁ። እዚያ ከአምስት ፎስፌት አንዱ ገደማ ይያዛል። ስታርቹ ርካሽ፣ ፎስፌቱም ርካሽ ስለሆነ አይቆጨኝም።

ጭማቂው

ከጉሊት ጠንካራና ያልበቀለ ድንች ግዙ። የበቀለ ድንች አሚሌዝ ይበዛበታል፤ ስታርቹን በውሃ እየቆረጠ ይሻማችኋል። ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ማታውን ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

ጠዋት ልጣችሁ በትንንሹ ቁረጡ። በ250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ ውስጥ 1 ግራም ቫይታሚን ሲ አሟሙና ከድንቹ ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨምሩ። ቫይታሚን ሲው ጭማቂው እንዳይጠቁር ይከላከላል። መፍጫውን ሳታቋርጡ አታስነሱት። አሥር አሥር ሰከንድ እያረፋችሁ ፍጩ። ሙቀትና አረፋ የፕሮቲን ጠላቶች ናቸው።

ከዚያ በእጥፍ አቡጀዲ ጨምቁ። ሻሽ ሞክሬ ቃጫው እያመለጠ አስቸግሮኛል፤ አቡጀዲ ይሻላል። ጭማቂውን በረዶ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጡ። ነጩ ስታርች ሥር ይተኛል፤ ስትነኩት እንደ እርጥብ ኖራ ጥጥር ያለ ነው። ላዩን በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ሴንትሪፊውጅ ካላችሁ 10 ደቂቃ አሽከርክሩት። በጥቂት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን 6.5 አድርሱት። ይህ ኢንዛይማችሁ ነው። ከበረዶ አታውርዱት፤ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

ሥር የቀረውን ነጭ ነገር አትድፉ። ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ፣ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። የሚቀጥለው ዙር ስታርች እሱ ነው። ለዛሬው ከሱፐርማርኬት የተገዛ የበቆሎ ስታርችም ይሆናል።

ጭማቂውን የበለጠ ማጥራት ከፈለጋችሁ፣ በረዶ ላይ እያማሰላችሁ ለ100 ሚሊ ሊትር 29 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ፎስፎሪሌዙ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ይረጋል፤ አሽከርክራችሁ ለይታችሁ በጥቂት ውሃ ታሟሙታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ጥሬው ጭማቂ ይበቃል።

ስታርቹና ፎስፌቱ

600 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 21.8 ግራም ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት እና 17 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት አሟሙ። አፍሉት። 30 ግራም ስታርች በ50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። አጥሚት የሠራ ሰው አያያዙን ያውቀዋል፤ ከቸኮላችሁ ይጓጉላል። ፎስፌቱን ቀድማችሁ ማሟሟታችሁ ይጠቅማል። የድንች ስታርች ጨው ውስጥ ሲበስል በንጹሕ ውሃ ከሚበስለው በጣም ይቀጥናል።

እስከ 30 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። እጃችሁ በደንብ ሞቀኝ ካለ ገና ነው። ትኩስ ላይ ጭማቂውን ካፈሰሳችሁ የጠዋቱ ድካም ሁሉ ይረጋል።

ሲቀዘቅዝ 350 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ጨምሩና ፒኤቹን ለኩ። 6.7 እና 6.9 መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። ባክቴሪያ እንዳይገባበት 5 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ጠብ አድርጉና ክደኑት። ጠርሙሱ ሁድ ሥር፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ማግኒዚየም ያለበት ምንም ነገር እንዳይገባ። ጭማቂው ውስጥ ፎስፎግሉኮሙቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ። ማግኒዚየም ካገኘ ግሉኮስ-1-ፎስፌታችሁን ወደ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ይገለብጠዋል። የዚያ ምላሽ ሚዛን ከመቶ ወደ 95 ግሉኮስ-6-ፎስፌት ነው፤ ጨርሶ ይወስድባችኋል።

ጥበቃው

በ30 ዲግሪ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። የውሃ ማሞቂያ ካላችሁ እዚያ አስገቡት። መብራት ሲሄድ አትደንግጡ። እኔ ማሞቂያውን ከነጠርሙሱ በጋቢ ጠቅልዬ አድሬያለሁ። ሲቀዘቅዝ ምላሹ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ግማሽ ቀን ጨምሩለት።

መሄድ አለመሄዱን የምናውቀው ነፃውን ፎስፌት በመለካት ነው። መጀመሪያ ላይ፣ በ6፣ በ24 እና በ48 ሰዓት አንድ አንድ ሚሊ ሊትር ውሰዱ። የፈላ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ነክራችሁ ኢንዛይሙን ግደሉ፣ አጥሉ፣ አቅጥኑ። አሞኒየም ሞሊብዴት በሰልፈሪክ አሲድ፣ ከዚያ ቫይታሚን ሲ ጨምሩ። ፎስፌት ካለ ሰማያዊ ይሆናል። ከፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ከተሠራ መለኪያ ጋር በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለም ጥልቀት መለኪያ) አወዳድሩት። ሁሉንም ናሙና እኩል ደቂቃ ላይ አንብቡ፤ አሲዱ ውስጥ ከቆየ ግሉኮስ-1-ፎስፌቱ ራሱ መፈታት ይጀምራል። ነፃው ፎስፌት ወርዶ ሁለት ንባብ እኩል ሲመጣ ምላሹ ቆሟል።

የአዮዲን ጠብታ ላይ አትመኩ። ፎስፎሪሌዝ ከጫፍ ስለሚበላ የስታርቹ ሰማያዊ ቀለም ቶሎ አይጠፋም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀለሙ ጨርሶ ከጠፋ አሚሌዝ እየሠራ ነው ማለት ነው። ድንቹን ቀይሩ።

ማጥራት

ቶሉይኑ ሁድ ሥር እንዲተን ክፍት ተዉትና፣ በእሳት ሳይሆን በኤሌክትሪክ የውሃ ማሞቂያ ከ80 ዲግሪ በላይ 10 ደቂቃ አቆዩት። ፕሮቲኑ እንደ አይብ ይቋጠራል። አጥሉት።

አሁን ፈሳሹ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ የምንፈልገው፣ የተረፈው ብዙ ፎስፌት፣ የተቆራረጠ ስታርች፣ የድንቹ ጨዎች። መጀመሪያ ፎስፌቱ ይውጣ። 47 ግራም ማግኒዚየም አሴቴት ቴትራሃይድሬት አሟሙና አፍስሱ፤ ኢንዛይሞቹ በሙቀቱ ስለሞቱ አሁን ማግኒዚየም አያስፈራም። ሁድ ሥር አሞኒያ እየጨመራችሁ ፒኤቹን ወደ 9 አድርሱት። ነፃው ፎስፌት ከማግኒዚየምና ከአሞኒየም ጋር ተጣብቆ ነጭ አሸዋ ሆኖ ይወርዳል። ግሉኮስ-1-ፎስፌቱ ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩና አጥሉ። አልካሊው አያሳስባችሁ፤ ይህ ሞለኪውል አልካሊን ይችላል። የማይችለው አሲድን ነው፤ በተለይ አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከሬዚኑ (ቀጥሎ ከምንደርስበት ጨው ለቃሚ እንክብል) የወጣውን አሲዳማ ፈሳሽ ሳላስተካክል ውሃውን ላትነው ብዬ ሙቅ ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት ስመለስ የያዝኩት በአብዛኛው ግሉኮስና ፎስፌት ነበር። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ከሰዓት ሄደ። እባካችሁ አትድገሙት።

የሬዚኑ ሥራ እንዲህ ነው። ሁለት ኮለም አዘጋጁ። አንደኛው ፖዘቲቭ አዮኖችን የሚይዝ ጠንካራ ካታየን ሬዚን፣ በሃይድሮጅን መልኩ። ይህ ለሆቴልና ለፋብሪካ የውሃ ማለስለሻ የሚገባው ሬዚን ዘመድ ነው። ውሃ ማጣሪያ የሚገጥሙ ነጋዴዎችን ጠይቁ። የእነሱ በሶዲየም መልክ ስለሚመጣ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ፣ ከዚያ አሲዱ እስኪጠፋ በተጣራ ውሃ መለቅለቅ ነው። ሁለተኛው ኔጋቲቭ አዮኖችን የሚይዝ ደካማ አናየን ሬዚን ነው። ለዚህ መጠን ፈሳሽ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አቅም አይታችሁ አስሉ፤ ከአቅሙ በላይ ከጫናችሁት የምትፈልጉት ነገር ቀድሞ ይሾልካል።

መጀመሪያ የተረፈውን አሞኒያ ሁድ ሥር በለብታ አትንኑ። ከዚያ ፈሳሹን አቀዝቅዛችሁ በካታየን ሬዚኑ፣ ቀጥሎም ሳይቆይ በአናየን ሬዚኑ አሳልፉ። ማግኒዚየምና ፖታሲየም አንደኛው ላይ ይቀራሉ። ግሉኮስ-1-ፎስፌትና አሴቴት ሁለተኛው ላይ ይያዛሉ። የስታርቹ ቁርጥራጭ ምንም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ዝም ብሎ ያልፋል። አዮዲን የሚቀባው ነገር እስኪጠፋ በተጣራ ውሃ እጠቡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የተረፈ ዴክስትሪን (የስታርች ቁርጥራጭ) ካለ ክሪስታሉ እንደ ሙጫ ይሆናል።

ከዚያ በ5 ከመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አውጡት። በየ50 ሚሊ ሊትሩ ለይታችሁ ተቀበሉ። ከእያንዳንዱ ጠብታ ወስዳችሁ በአሲድ አፍልታችሁ ፎስፌት ፈትሹ። ያለባቸውን ብቻ አንድ ላይ ቀላቅሉ። ፒኤቹን ወደ 8 መልሱ።

ክሪስታሉ

ፈሳሹን ከ40 ዲግሪ በታች ወደ 100 ሚሊ ሊትር አሳንሱ። ከዚያ ከ95 ከመቶ በላይ የሆነ ንጹሕ ኤታኖል ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ፊንጫና መተሐራ ከስኳር ተረፈ ምርት የሚያወጡት ዓይነት ይሆናል፤ ማቅለሚያ የተቀላቀለበት ግን አይሁን። መጀመሪያ ፈሳሹ ወተት ይመስላል። እዚያ ላይ አቁሙ። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡና ተዉት።

በነጋታው ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ያዙት። እኔ የመጀመሪያውን ያየሁት በመስኮት በኩል በገባ የጠዋት ፀሐይ ነው። ሥሩ ላይ ስስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ተኝቷል። ዘንበል ሲደረግ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይንሸራተታል። ተጨማሪ አልኮል ጨምራችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩ። ፖታሲየም አሴቴቱ አልኮል ውስጥ ስለሚሟሟ አብሮ አይወርድም። አጥሉ፣ በአልኮል እጠቡ፣ በክፍል ሙቀት አድርቁ።

የያዛችሁት ዳይፖታሲየም ግሉኮስ-1-ፎስፌት ከሁለት ውሃ ጋር ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 372። ሚዛኑ የሚፈቅደው ከዚህ መጠን ወደ 18 ግራም ነው። እኔ ከ8 ግራም አልፌ አላውቅም፤ የቀረው በየማጥለያውና በየሬዚኑ ይቀራል።

እሱ መሆኑን ማረጋገጥ

ይሄን ክፍል የሚዘል ሰው የሠራውን አያውቅም። ሦስት ነገር አድርጉ።

ጥቂት ክሪስታል አሟሙና ጫፉ ያልተሸፈነ ስኳር ሲያገኝ ቀለሙን በሚቀይረው ሰማያዊ የቤኔዲክት ፈሳሽ አሙቁ። ሰማያዊው መቀየር የለበትም። ፎስፌቱ የተለጠፈው ቤኔዲክት የሚያየው ቦታ ላይ ስለሆነ ስኳሩ ተሸፍኗል። ሌላውን ጥቂት በ1 ኖርማል አሲድ አፍሉት፣ አሲዱን በአልካሊ አጥፉና እንደገና በቤኔዲክት ሞክሩ። ጡብ መሳይ ቀይ ይወርዳል።

ቀጥሎ ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ነፃ ፎስፌት ለኩ። በፊት ምንም ሊኖር አይገባም፤ በኋላ ከክብደቱ የሚጠበቀው ሁሉ መውጣት አለበት። የውጭ መጻሕፍት በ1 ኖርማል አሲድ 100 ዲግሪ ላይ 7 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን የጻፉት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ 7 ደቂቃ ላይ ካቆማችሁ ከፊሉ ሳይፈታ ይቀርና ምርታችሁን ቆሻሻ ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። 20 ደቂቃ አፍሉ፣ ለኩ፣ ሌላ 10 ደቂቃ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ተፈትቶ አልቋል።

ሦስተኛው የኔ ተወዳጅ ነው። ኢንዛይሙን ወደኋላ ማስኬድ። ትኩስ የድንች ጭማቂ በደንብ አሽከርክራችሁ ከስታርች አጥሩ። ቴስት ቲዩብ ውስጥ ጥቂት ክሪስታል በውሃ አሟሙ፣ ፒኤቹን 6 አድርጉ፣ እንደ መነሻ የሚሆን እዚህ ግባ የማይባል የበሰለ ስታርች ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ ጭማቂውን ጨምሩ። ሌላ ቴስት ቲዩብ ያለ ክሪስታል ለማወዳደሪያ አዘጋጁ። በየሁለት ደቂቃው ከሁለቱም አንድ ጠብታ ነጭ ሴራሚክ ላይ አኑራችሁ አዮዲን ንኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የአዮዲኑን ቢጫ ይዘው ይቀራሉ። ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ግራጫ ነገር ይመጣል። ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ። ክሪስታል የሌለበት ረድፍ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ከስታርች ያወጣችሁት ስኳር ዓይናችሁ እያየ ስታርች ሆኖ ተመለሰ። ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ፤ ከሰሌዳው ሥዕል ግን ማንም ፎቶ ሲያነሳ አላየሁም።

ክሪስታሉን በጥብቅ በሚዘጋ ጠርሙስ፣ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ቀኑንና ፎስፌቱ ሲለካ የተገኘውን ውጤት ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ግራም ለብቻ አስቀሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ድንች ስትገዙ፣ ጭማቂው መሥራቱን ከመጀመራችሁ በፊት በአሥር ደቂቃ የምትፈትሹበት እሱ ነው።